ኪራይ የሚከፈልበት ቀን፦ ስለ ሴቶች ቁጠባና ስለ ኤችአይቪ መከላከል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ሴቶችና ከእነሱ ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ከገላን እስከ ቡራዩ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ፣ ሴቶች ለቁጠባ ሲሰበሰቡ የሚነሱ ጥያቄዎችን ይዟል። አንዳንዶቹ በስብሰባው መሃል ይጠየቃሉ። የሚበዙት ግን ስብሰባው አልቆ፣ በር ላይ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጠየቁት።

ቁጠባና ኤችአይቪ ምን አገናኛቸው?

የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ያገናኛቸዋል።

ሦስት ቤት ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት እናስብ። አንዱ ቤተሰብ ሰፈር ቀየረ። በዚያው ሳምንት ልጇ ታመመባት። ወሩ ሞላ፣ አከራይዋ በር ላይ ቆመዋል። በዚህ ሰዓት "እኔ እሸፍንልሻለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። ፎርማኑ ሊሆን ይችላል፣ ደላላው ሊሆን ይችላል፣ ባለሱቁ ሊሆን ይችላል። ክፉ ሰው ላይመስል ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ደግ ሰው ነው የሚመስለው።

ይህች ሴት ኮንዶም ምን እንደሆነ ታውቃለች። ቫይረሱ እንዴት እንደሚተላለፍ በሬዲዮም በጤና ጣቢያም ሰምታለች። እውቀት አላጣችም። ያጣችው "አይሆንም" ብላ በሯን ለመዝጋት የሚያስችላትን የአንድ ወር ኪራይ ነው። ኪራዩን የከፈለው ሰው ደግሞ ስለ ኮንዶሙም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ይሆናል።

በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች ቤት ለቤት በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 4.1 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። የወንዶቹ 1.9 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። አንዱ ምክንያት ተፈጥሮ ነው፤ በግንኙነት ጊዜ ቫይረሱ ከሴት ወደ ወንድ ከሚሄደው ይልቅ ከወንድ ወደ ሴት መተላለፉ ይቀልለዋል። ሌላው ምክንያት ግን ብሩ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

መሃል ከተማስ ችግሩ የለም? ለምን ዳር ዳሩ?

መሃልም አለ። ዳር ላይ ያለች ሴት ግን የምትደገፍበት ነገር ይሳሳል።

እነማን እንደሆኑ እንይ። ከገጠር በደላላ የመጡ የቤት ሠራተኞች አሉ። በአዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ግንባታዎች ባሬላ ተሸክመው የሚውሉ የቀን ሠራተኞች አሉ። በቃሊቲና በገላን መስመር ከባድ መኪና በሚቆምበት አካባቢ ጀበና ቡና የሚያፈሉ፣ ምግብ የሚሸጡ አሉ። ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ከዱከሙ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሽፍት ጨርሰው ለአራት ለአምስት ወደተከራዩት አንድ ክፍል የሚመለሱ ወጣቶች አሉ። ከአረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱም አሉ። ብዙዎቹ ዘመድ አጠገባቸው የለም። ማታ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ታክሲውም ቶሎ ይቋረጣል።

በሰፈር መፍረስ ምክንያት የመጡም አሉ። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የተዛወሩትን ብቻ ብናይ፣ ቤት ቢያገኙም እድሩ፣ እቁቡ፣ የለመደ ደንበኛና በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ አብረው አልመጡም። ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ማጣት ትንሽ ነገር ይመስላል። ለአንዲት ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ ሴት ግን ከእራት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ገንዘብ ብቻ መስጠት አይበቃም?

አይበቃም። ግን ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተሞከረውን ማየት ይጠቅማል።

በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005፣ አነስተኛ ብድር የሚወስዱ ደሀ ሴቶች ለብድር ስብሰባ ሲመጡ ስለ ትዳር፣ ስለ ጥቃትና ስለ ኤችአይቪ እንዲነጋገሩ ተደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከባል ወይም ከፍቅረኛ የሚደርስባቸው አካላዊና ወሲባዊ ጥቃት 55 በመቶ ቀነሰ። ብድሩን ብቻ ያገኙ ሴቶች ኑሯቸው ተሻሽሏል። በቤታቸው ውስጥ ድምፃቸው ጎልቶ የተሰማውና ጥቃቱ የቀነሰው ግን ብድሩና ውይይቱ አብረው በሄዱበት ነው። ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ነገርም አለ። በእነዚያ መንደሮች ባሉ ወጣቶች ዘንድ አዲስ በቫይረሱ የመያዝ መጠን በዚያ ጊዜ ውስጥ አልቀነሰም። ከተሳታፊዎቹ መካከል ወጣት የሆኑት ግን የበለጠ ተመርምረዋል፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ማድረጉንም ቀንሰዋል።

ማላዊ ውስጥ፣ ዞምባ በሚባል አካባቢ፣ ላላገቡ ወጣት ሴቶችና ለቤተሰቦቻቸው በየወሩ ጥቂት ዶላር ተሰጠ። ከ18 ወር በኋላ ሲመረመሩ ገንዘቡን ካገኙት ቫይረሱ የተገኘው በ1.2 በመቶው ነው፣ ካላገኙት ደግሞ በ3 በመቶው። ብዙ ሰው በዚህ ውጤት ተደስቶ ነበር። ግን ገንዘቡ ሲቆም፣ ከዓመታት በኋላ ሲታይ፣ ጥቅሙ በአብዛኛው ደብዝዞ ተገኘ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ትምህርት ቤት ለሚሄዱ ልጃገረዶች ገንዘብ ሲሰጥ በኤችአይቪ ላይ ለውጥ አልታየም፤ ልጆቹ ቀድሞውንም ትምህርት ቤት ይሄዱ ስለነበር ገንዘቡ የሚለውጠው ነገር አነሰ።

የዚምባብዌው በጣም ያሳስባል። ወላጅ ላጡ ልጃገረዶች ብድር ተሰጠ። ኢኮኖሚው በወቅቱ እየወደቀ ነበር። ልጆቹ ሸቀጥ ፍለጋ ሩቅ ሲሄዱ ለባሰ አደጋ ተጋለጡ፣ ብድሩንም መመለስ አቃታቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው ለ18 ዓመት ልጅ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ብድር ተፈቀደልሽ" ከማለቱ በፊት ደጋግሞ ያስባል።

ከዚህ ሁሉ እኔ የምወስደው ይህን ነው። ብር ለብቻው ሲመጣ ሲያልቅ ያልቃል። ትምህርት ለብቻው ሲመጣ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም። ሴቲቱን ያገዛት፣ በችግሯ ቀን እጇ ላይ ያለ ትንሽ ብርና በዚያው ቀን በሯን አንኳኩታ የምታማክራት ሌላ ሴት ናቸው። ሁለቱ አንድ ቦታ የሚገኙት በደንብ በሚመራ የቁጠባ ቡድን ውስጥ ነው።

እቁብ እያለን ሌላ ቡድን ምን ያደርግልናል?

እቁብ ጥሩ ነው፤ ተዉት የሚል የለም። ጉድለቱ ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣልሽ አለመታወቁ ነው። ችግር ደግሞ ዕጣ አይጠብቅም። ዳኛው ደግ ከሆኑ ተራ ሊለዋወጡልሽ ይችላሉ፣ ያ ግን በይሉኝታ የሚሠራ ነገር ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ትልልቅ እቁብ ዋስ ይጠይቃል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት ዋስ ከየት ታመጣለች?

እኔ የምለው የቁጠባ ቡድን ግን የራስ አገዝ ቡድን የሚባለው ነው፤ አሠራሩ ከህንድ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ አዳማ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ ኑሯቸው የሚቀራረብ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ሁሉም እኩል ይቆጥባሉ። መጠኑን የሚወስኑት ከመካከላቸው በጣም የምትቸገረዋ በምትችለው ልክ ነው። ከዚያ ከተጠራቀመው ለአባላት በትንሽ ወለድ ያበድራሉ። ወለዱም የራሳቸው ገንዘብ ሆኖ ይቀራል። ስብሰባውን በተራ ይመራሉ፣ ቋሚ ሊቀመንበር የለም። መጀመሪያ ላይ ይህ ያደናግራል። መጻፍ የማትችል ሴት ተራዋ ሲደርስ "እኔ እንዴት እመራለሁ" ትላለች። ግን ሰው ፊት መናገርን የሚያለማምደው ይኸው ነው። በቡድኑ ፊት "በዚህ አልስማማም" ማለትን የለመደች ሴት ቤቷ ውስጥም ቃሉ ይወጣላታል።

የገንዘቡን ሣጥን በተመለከተ የተለመደው ጥንቃቄ ሦስት ቁልፍ ነው። ሦስት ሴቶች አንድ አንድ ቁልፍ ይይዛሉ፣ ሣጥኑ ደግሞ አራተኛዋ ዘንድ ይቀመጣል። ገንዘቡ ሲበዛ ወደ ባንክ ወይም ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይወሰዳል።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ እላለሁ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የችግር ጊዜ ሣጥን ለብቻው ይኑር። ለምሳሌ 20 ሴቶች በሳምንት 50 ብር ቢቆጥቡና ከዚያው ላይ 10 ብሩ ለችግር ቢለይ፣ በአራት ሳምንት 800 ብር ይገኛል። ኪራይ ሙሉውን አይሸፍንም። ግን አከራይን "ግማሹን ያዙልኝ፣ ቀሪው ሳምንት ይደርሳል" ለማለት ያስችላል። ያቺ አንድ ሳምንት ብዙ ነገር ትለውጣለች። ከዚህ ሣጥን የሚወጣ ገንዘብ ወለድ የለውም፣ ዋስም አይጠየቅበትም፣ የችግሩ ምክንያትም በዝርዝር አይመረመርም። "ቸግሮኛል" በቂ ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን ሣጥን ንግድ ከተጀመረ በኋላ ይደረስበታል ብለው ያቆዩታል። እኔ ግን ከንግዱም ይቀድማል ባይ ነኝ።

ውይይቱስ? ኤችአይቪን ሰምተን ሰምተን ሰልችቶናል

ትክክል ነሽ። ሰው የሰለቸው ግን ስብከቱን ነው። ቁጠባው ተቆጥሮ ከተጻፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መነጋገር ይበቃል። ርዕሱ ከኑሮ ይነሳል። "ባልሽ ደመወዙን ደብቆ ካርድ ሲጫወት ምን ትያለሽ?" "ቀጣሪሽ ማታ በርሽን ቢያንኳኳ?" "ፍቅረኛሽ እንመርመር ስትይው ቢቆጣ?" ሁለት ሴቶች ተነስተው አንዷ እሱን፣ አንዷ እሷን ሆነው ይጫወቱታል። ሳቅ ይበዛል። ከሳቁ በኋላ ደግሞ እውነተኛው ታሪክ ይወጣል። የኮንዶም አጠቃቀምም የወንዱም የሴቱም በዚያው ይታያል።

ብድር ልውሰድ ወይስ ልቆጥብ?

መጀመሪያ ቆጥቢ። ቢያንስ ጥቂት ወራት። መቆጠብ ያልለመደች ሴት ብድር ስትወስድ መጀመሪያ የሚከፈለው የድሮ ዕዳ ነው፣ ንግዱ ሳይጀመር ብሩ ያልቃል።

አራጣ ግን ተዪው። አበዳሪዋ ጎረቤትሽ ብትሆንም፣ "ለአንቺ ብዬ ነው" ብትልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። በሰፈር የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ይህን ያህል በአንድ ወር ነው። ዕዳውን መክፈል ያቃታት ሴት የምትገባበት ጣጣ ደግሞ ከላይ ያነሳነው ዓይነት ነው።

የስልክ ብድርስ? ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ብድርና ቁጠባ ጀምሯል፣ መላና ሳንዱቅ የሚባሉት ናቸው። ጥሩ ጎኑ የሰው ፊት አያሳይም። ቲማቲም ጠዋት ገዝታ ማታ ለምትሸጥ የጉሊት ነጋዴ ሊያገለግል ይችላል። ለኪራይ፣ ለለቅሶ፣ ለልብስ ከሆነ ግን አይሆንም። ቀኑ አጭር ነው፣ መመለሻው ሳይታሰብ ይደርሳል።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ነዋሪ ከሆንሽና ኑሮሽ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ስለ ከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ወረዳሽን ጠይቂ። ጽዳትና አረንጓዴ ልማት እየሠሩ የሚከፈልበት ነው። ከክፍያው 20 በመቶው ለወደፊት ሥራ መነሻ ይቆጠባል።

ምን ዓይነት ሥራ ልጀምር?

ሁሉም እንጀራ ከጋገረ ማን ይገዛል? ሰፈሩን ዙሪና የጎደለውን እዪ። በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ልጅ የሚያውል ሰው ነው። በሽፍት የምትሠራ እናት ልጇን የምታስቀምጥበት ታጣለች። ይህን የጀመረች ሴት ሌሎች እናቶችንም ከሥራ እንዳይቀሩ ትረዳለች። ሌላው መመዘኛዬ ሰዓቱ ነው። ማታ አምሽቶ ብቻ የሚሠራ፣ ሰው ጠጥቶ የሚመጣበት ሥራ ገቢው ጥሩ ቢመስልም አደጋውን አስልተሽ ግቢበት።

ባሌ ብሩን ቢወስድብኝስ?

ይህ በር ላይ ከሚጠየቁት ዋናው ነው።

ሕጉን እንይ። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ያደርገዋል። የጋራ ማለት ግን የእሱ ማለት አይደለም። እያንዳንዳቸው የሥራ ገቢያቸውን የመቀበልና በግል ሒሳብ የማስቀመጥ መብት አላቸው። ቤትሽ ያለው በሸገር ከተማ ከሆነ የሚመለከትሽ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ሕጉ ይህን ይላል፣ ጓዳው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ባልሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንዳንዱ ከመጀመሪያው ሲነገረው ይደግፋል። እንዲያውም ሣጥኑን የሚሠራላቸው አናጢ ባል አይጠፋም። ከተደበቀበት በኋላ ሲሰማ ነው የሚከፋው። ሌላው ደግሞ "ብር አላት" ሲባል የአስቤዛውን መስጠት ያቆማል። እጁን የሚሰነዝር ከሆነ ግን ለቡድኑ ቀድመሽ ንገሪ። ብሩን ቤት አታስገቢ። የስልክሽን የሚስጥር ቁጥር ልጅም አይወቀው። ሴት ገቢ ስታገኝ መጀመሪያ አካባቢ ጭቅጭቁ የሚጨምርበት ቤት አለ። ይህን አስቀድሞ የማያነሳ ቡድን አባላቱን ለዱላ ያጋልጣል።

ተገድጄ ብደፈርስ? ምን ላድርግ?

ሰዓቱን ያዢ። 72 ሰዓት ሳይሞላ ጤና ተቋም መድረስ አለብሽ። ቶሎ ከሆነ ይበልጥ ይሻላል። ቫይረሱ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት ይሰጥሻል፣ ለ28 ቀን በየቀኑ ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ጠይቂ። ከቻልሽ ገላሽን ሳትታጠቢ፣ ልብሱን ሳታጥቢ ሂጂ፣ ማስረጃ ነው። ታጥቤያለሁ ብለሽ ግን አትቅሪ፣ ሕክምናው ይጠቅምሻል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩንና ፖሊሱን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ። ማረፊያ ለሚያስፈልጋት ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አለ።

ከዳርቻ ወደ መሃል ለመሄድ የትራንስፖርት ብር ያስፈልጋል። የችግር ጊዜ ሣጥኑን ያስታወስኩት ለዚህም ነው። ቁልፍ የያዙት ሴቶች ሌሊትም ቢሆን እንዲነሱ ከወዲሁ ይስማሙ።

ኮንዶም እምቢ ካለኝ ሌላ ምን አለ?

ፕሬፕ አለ። ቫይረሱ የሌለባት ሴት ከመጋለጧ በፊት በየቀኑ የምትወስደው ኪኒን ነው። በትክክል ከተወሰደ በጣም ይከላከላል። በኢትዮጵያ ቅድሚያ የሚሰጠው በወሲብ ንግድ ላይ ላሉ ሴቶችና የትዳር ጓደኛቸው ቫይረሱ ላለበት፣ እነሱ ነፃ ለሆኑ ሰዎች ነው። መጀመሪያ ምርመራ ይደረጋል። የሚከላከልበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ቀናት ስለሚወስድ ባለሙያው እስኪነግርሽ ጠብቂ። እርግዝናንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከልም።

በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ሌናካፓቪር የሚባል መርፌም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ሙከራ መርፌውን ካገኙ ከ2,000 በላይ ወጣት ሴቶች አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም። ኪኒን ቤቷ ውስጥ መደበቅ ለምትቸገር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ቡድኑ ውስጥ ገብቼ ሰው "አለባት" ቢለኝስ?

ለዚህ ነው ቡድኑ የኤችአይቪ ቡድን መባል የሌለበት። ስሙ የቁጠባ ቡድን ነው፣ ሥራውም ቁጠባ ነው። አንዳንድ ፕሮጀክት ለሪፖርት እንዲመቸው ሴቶቹን ለይቶ ይሰበስብና በሰፈሩ ያስጠቁማቸዋል። በቲሸርት ላይ ታትሞ የሚታደለውን መፈክር ለብሳ ገበያ የምትወጣ ሴት እስካሁን አላየሁም። ለመኝታ ነው የሚለበሰው። የምርመራ ውጤት በቡድን አይጠየቅም፣ ለብድርም መስፈርት አይሆንም። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ፣ የሰው ገመና ያወጣች እንደምትቀጣም ይካተት።

እኔ ቫይረሱ አለብኝ። መግባት እችላለሁ?

እንዴታ። ለማንም መንገር ግዴታሽ አይደለም።

መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በአግባቡ ስትወስጂ ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። እዚያው ደረጃ ላይ እስከቆየሽ ድረስ በግንኙነት አይተላለፍም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ባለትዳሮችም ጭምር። መውለድም ትችያለሽ፤ ክትትልሽን ካላቋረጥሽ ለልጅሽ የመተላለፉ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው።

ቁጠባው አንቺን የሚጠቅምሽ በሌላም መንገድ ነው። ቀጠሮ የሚያሳልፉ ሴቶችን "ለምን?" ብትያቸው ብዙዎቹ መድኃኒቱን ጠልተው አይደለም። የታክሲ ብር አጥተው ነው፣ የቀን ሥራቸው ቀርቶ ክፍያ እንዳያጡ ነው፣ ባዶ ሆድ ላይ ክኒኑ እየከበዳቸው ነው።

በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት ሥራውን ትታ ነው መግባት ያለባት?

አይደለም። "መጀመሪያ ተዪ፣ ከዚያ እንረዳሻለን" የሚል ፕሮጀክት በተግባር የሚያገኘው የሚተዉትን ሳይሆን የሚዋሹትን ነው። ትተዋለች ወይ አትተውም የራሷ ውሳኔ ነው። የተጠራቀመ ብር ያላት ሴት ግን ያለ ኮንዶም ሦስት እጥፍ እከፍላለሁ የሚለውን ደንበኛ መመለስ ትችላለች። ይህ ራሱ ብዙ ነው። ቁጠባዋን የማታ ገቢዋን ለሚቆጣጠር ሰው አደራ እንዳትሰጥ ብቻ ተጠንቅቃ ታስቀምጠው።

ወንዶቹስ?

ይጋበዙ፤ ግን ሣጥኑን አይያዙ።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ምን እንሆናለን?

ይህ ጥያቄ ድሮ እንደ ማጉረምረም ይታይ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም ግን ሁሉም ገባው። ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የሚሆኑ ባለሙያዎችን ውል አቋርጧል። ቤት ለቤት እየመጣች "መድኃኒትሽን ወስደሻል?" የምትለዋ ልጅ በአንዳንድ ሰፈር ቀረች።

የሴቶቹ የራሳቸው ገንዘብ ያለበት ቡድን ግን ፕሮጀክቱ ቢሄድም ስብሰባው አይቀርም። ከውጭ የሚመጣ መነሻ ካፒታል ከመጀመሪያው አይፍሰስበት የምለውም ለዚህ ነው። በሰጪ ብር የተሞላ ሣጥን ሰጪው ሲሄድ አብሮ ይበተናል። ብድሩንም መመለስ የሚፈልግ ይጠፋል፣ "የመንግሥት ነው፣ የፈረንጅ ነው" ይባላልና።

እሺ፣ ነገ ከየት ልጀምር?

የምታምኛቸውን ሦስት አራት ሴቶች አስቢ። ቡና ጠርተሽ አዋያቸው፣ እነሱም ሁለት ሁለት ይጥሩ። ደብተር፣ እስክሪብቶና ሣጥን ይበቃል። ቀኑን እሑድ አታድርጉት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እድርና ሠርግ ይሻሙታል። መታወቂያ የሌላቸው ካሉ ፋይዳ ያውጡ፣ ለባንክ ሒሳብ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚያ የሰፈራችሁን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩ። የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ በምራቅ ራስን መመርመሪያም አለ። በቅርብ የተጋለጠች ሴት አንድ ጊዜ ነፃ ብትባልም ከሦስት ወር በኋላ ትድገመው። ጥያቄውን ፊት ለፊት መጠየቅ ለሚከብዳት የጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 አለ። ሥራ ውላ የምትመጣ ሴት ጤና ጣቢያው ሲዘጋ ስለምትደርስ፣ ባለሙያዋ በቁጠባው ቀን አመሻሽ ላይ እንድትመጣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።